ፍሬን የላላበት ጡንቻና የተሰበረ ዳሌ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስለ ዳሌ ስብራት ነው። የተለመደው ግን አይደለም። ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም፣ ማለትም ጡንቻን ግትር የሚያደርግ በሽታ፣ ያለበት ሰው ዳሌው ሲሰበርስ? አዎ፣ ሴሊን ዲዮን በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳለባት የተናገረችው በሽታ። ከሚሊዮን ሰው አንድ ሁለቱን ቢይዝ ነው።

እስቲ መኪና አስቡልኝ። ነዳጅ መስጫ አለው፣ ፍሬን አለው። ጡንቻም እንደዚያው ነው። ጋባ የሚባለው ኬሚካል ፍሬኑ ነው። እዚህ በሽታ ላይ ፍሬኑ ላልቷል። መኪናው ቆሞ እንኳ ሞተሩ ያጓራል። አሁን ከኋላ አንዱ ጥሩምባ ነፋ እንበል። እናንተ ደንገጥ ብላችሁ ፍሬን ትይዛላችሁ። ይሄኛው ምን ይይዛል? ተፈናጥሮ ይሄዳል! (መኪና ላይ ከገባሁ እንደማልወጣ ታውቃላችሁ፣ ታገሱኝ።) ታማሚውም በር ሲላተም፣ ስልክ ሲጮህ ባንዴ ግትር ይላል። እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በቁሙ ይወድቃል። ዳሌውም ይሰበራል።

እሺ፣ ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት፦ «ሰውነቱ ከደረቀ የተፈጥሮ ጀሶ አይደል? ኦፕሬሽን ለምን?» አይደለም! አይደለም! ጀሶ ዝም ብሎ ይይዛል። ይህ ጡንቻ ይጎትታል። ስትራፖ ይዟችሁ ያውቃል? እሱን የጭን ጡንቻ ላይ አድርጉት፣ ያውም አጥንቱ ተሰብሮ። ስብራቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ እግሩ ያጥራል። ሕመሙ ሌላ ስትራፖ ይጠራል፣ ስትራፖው ደግሞ ሌላ ሕመም። ከኦፕሬሽን በኋላም ቢሆን ብሎኑን ሊያላቅቅ፣ ሰው ሠራሹን መገጣጠሚያ ከቦታው ሊያወጣ ይችላል።

ኦፕሬሽኑ ያው ነው፦ ብሎን፣ የብረት ዘንግ ወይም መገጣጠሚያ ቅየራ። ባለፈው አይተነዋል፣ እንለፈው። ጣጣው ማደንዘዣው ላይ ነው። ለዚሁ ግትርነት ጡንቻ የሚያላሉትን ዳያዜፓምና ባክሎፌን በሚወስድ ሰው ላይ ሙሉ ማደንዘዣና ጡንቻ ማላሊያ ሲደረብ፣ ከነቃም በኋላ ጡንቻው ልፍስፍስ ብሎ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ በጀርባ የሚሰጠው ይታሰባል።

ከኦፕሬሽኑ በፊት «ምንም አይቅመስ፣ ጾም ነው» ተብሎ ደግሞ መድኃኒቱ ባንዴ እንዳይቋረጥ! ባክሎፌን በድንገት ሲቆም ግትርነቱ ብሶ ይመለሳል፤ የሚጥል መንቀጥቀጥም ሊያመጣ ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር ከራጁ እኩል መታየት አለበት።

አስታማሚዎች፣ አልጋው አጠገብ ስልካችሁን ድምፁን አጥፉት። ከመንካታችሁ በፊት «ልነካህ ነው» በሉት። ፊዚዮቴራፒው ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል፤ ሰብስክራይብ አድርጉና ጠብቁኝ።