በጣት ጫፍ የሚራመድ ዝማሬ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የአማተሮች ተውኔት ሙዚቃ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ፣ እናት የልጇን ሞት በምትሰማበት ትዕይንት ላይ ኪቦርድ አስገብቼ ነበር። ተመልካቹ አለቀሰ፤ እኔም ኮራሁ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ለእናቲቱ ይሁን ለኪቦርዱ ግን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ይህን ጥርጣሬ የቀሰቀሰብኝ የደቡብ አፍሪካው ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ ነው። ጆሴፍ ሻባላላ የመሠረተው ይህ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚዘምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 በቺካጎው ስቴፐንዎልፍ ቲያትር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በብሮድዌይ በታየው «የጄኮብ ዙሉ መዝሙር» ላይ እንደ ጥንታዊው የግሪክ ተውኔት ኮረስ፣ ማለትም ድርጊቱን እየታዘበ በዝማሬ እንደሚያጅብ ቡድን፣ ሆኖ ቀርቧል። ተውኔቱ በአፓርታይድ ዘመን በገበያ ማዕከል ቦምብ አፈንድቶ የሰው ሕይወት ስላጠፋ የቄስ ልጅ ይተርካል፤ መነሻውም እውነተኛ ታሪክ ነው።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ኦርኬስትራ ቢያጅበው ኖሮ፣ ወጣቱን ልንጠላው ወይም ልናዝንለት እንደሚገባ ቫዮሊኑ ቀድሞ ይነግረን ነበር። ቡድኑ የሚዘምረው ኢሲካታሚያ የተባለው የዙሉዎች ዝማሬ ግን በባሕርዩ ዝግ ያለ ነው፤ ስሙ ራሱ ኮቴ ሳያሰሙ በቀስታ መራመድን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ሲሆን፣ ከቤታቸው ርቀው በማዕድን ማውጫዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ጥበቃዎቹን ላለመቀስቀስ በእግራቸው ጣት ይጨፍሩ እንደነበር ይነገራል። መሪው በቀጭን ድምፅ ይጀምራል፤ አብዛኞቹ ዘማሪዎች ባስ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ስለሆኑ መልሱ ከሥር፣ ከደረት ይመጣል። ከበሮና ጸናጽል በማይሰሙበት የዐቢይ ጾም ዜማ ላደገ ጆሮ፣ ትንፋሽ ራሱ ምት ሲሆን መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ዝምታቸው ነው። ኪቦርድ ሲቆም ድምፁ ይጠፋል እንጂ የሚያዝን ወይም የሚታዘብ ሰው በቦታው አይቀርም፤ ዘማሪዎቹ ዝም ሲሉ ግን ገዳዩንም ሟቾቹንም የሚያውቅ ማኅበረሰብ ሆነው እዚያው ቆመው ያያሉ።

ያን ትዕይንት ዛሬ ብሠራው ሦስት ባስ ዘማሪዎችን ከግድግዳው ሥር አቆም ነበር። እናቲቱ የመጨረሻውን ቃል የተናገረችበትን የድምፅ ከፍታ ተቀብለው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጥቂት ያንጎራጉሩና እርሷ ከመድረክ ሳትወጣ ያቆማሉ።