ስግድን ለልጆቻችን እናስረዳ

ክቡራን ቄሶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም መጣችሁ!

የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። እኔ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ስለሆነው ስለ ስግድ ልናገር።

አስተስርዮ (ዮም ኪፑር) ካለፈ በ50ኛው ቀን ስግድ ነው። ጎንደር፣ እነ አምቦበር አካባቢ፣ ሰው ገላውንም ልብሱንም አጥቦ ያድር ነበር። በማግስቱ ነጭ ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ ተራራ ይወጣ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ በጃንጥላ ታጅበው ይመራሉ። አሥርቱ ትእዛዛት ይነበባሉ፣ ነህምያ ይነበባል። ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዳል። ከዚያ ወርዶ ዳቦና ጠላ፣ ጭፈራ።

እስራኤል ስንገባ፣ «ኢየሩሳሌም ደርሰን የምን ስግድ?» ያሉ ከእኛው መካከል ነበሩ። የልጆቻችን ስም ትምህርት ቤት ሲገቡ ተለወጠ። በረቢዎቹ ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራል ተብለን፣ እንደ አዲስ ገቢ ለመንጻት ውሃ ውስጥ ግቡና ውጡ ተባልን። እ.ኤ.አ. በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም አደባባይ ላይ ተቀምጠው ይህን ተቃወሙ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ቄሶቻችን ስግድን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ጥሩ ነው፤ ከሥራ ፈቃድ ስንጠይቅ ማንም ግራ አይጋባም። የፖለቲከኞቹ ንግግር ግን ቢያጥር ደስ ይለኛል።

ኢየሩሳሌም ውስጥ ስግድን በምናከብርበት በአርሞን ሃናጺቭ ላይ ወጣቶቹ ከመድረኩ ራቅ ብለው ሰልፊ ሲነሱ ይውላሉ። አንቆጣቸው። ከሃይፋም ከቤር ሼባም አውቶቡስ ተሳፍረው መምጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ትንሽ ልጅ የቄሶቹን ግዕዝ ሲሰማ አያቱን በዕብራይስጥ «ምን እያሉ ነው?» አላቸው። «ዝም በል፣ ጸሎት ነው» አሉት። ልጁ ስልኩን አወጣ። ምን ያድርግ? ጠየቀ፣ መላሽ አጣ። አያቱም አይፈረድባቸውም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ግዕዙን የሚሰሙት ቄሱ በአማርኛ ሲፈቱላቸው ነው። ለልጁ ደግሞ አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ የሚያደርስለት ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለው። ከአስተስርዮ እስከ ስግድ ባሉት ሳምንታት፣ በየሳምንቱ አንድ ምሽት፣ ቄሶቻችን ንባቡን ያሰሙናል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ ወጣቶች በዕብራይስጥ ያስረዳሉ። ቡናና ዳቦ በማኅበሩ ወጪ ነው። ወላጆች፣ ልጆቹን ልካችሁ እናንተ እንዳትቀሩ፤ አብራችሁ ኑ። ዕብራይስጡ የሚቀናችሁ ወጣቶች ከምሳ በፊት ጸሐፊያችን ዘንድ ተመዝገቡ።

አሁን ቄሳችን ይባርኩንና ጉባኤውን እንጀምር።