የነገሥታቱ ንጉሥ እግሮች፦ የሼሊን «ኦዚማንዲያስ» በሰምና ወርቅ ማንበብ

ተመልካቾቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናየው አንድ ግጥም ነው። አሥራ አራት ስንኝ ብቻ ያለው፣ ቀስ ተብሎ ቢነበብ እንኳ ከአንድ ደቂቃ ብዙ የማያልፍ ግጥም ነው። የጻፈው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ፐርሲ ቢሽ ሼሊ ሲሆን፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1818 ዘ ኤግዛሚነር በተባለው የለንደን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ነው። ርእሱ «ኦዚማንዲያስ» ይባላል። የጋዜጣውን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጥንታዊ አገር የመጣ መንገደኛ ያየውን ለተራኪው ይነግረዋል። በበረሃ መካከል አካል የሌላቸው ሁለት ግዙፍ የድንጋይ እግሮች ቆመዋል፤ አጠገባቸው ግንባሩ የተቋጠረ፣ ከንፈሩ በንቀት የተጣመመ፣ የተሰባበረ ፊት ግማሹ በአሸዋ ተውጦ ወድቋል። በመቆሚያው ድንጋይ ላይ ደግሞ «ስሜ ኦዚማንዲያስ ነው፤ የነገሥታት ንጉሥ። እናንተ ኃያላን፣ ሥራዬን ተመልከቱና ተስፋ ቁረጡ!» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ አሸዋ ነው።

ግጥሙ ሶኔት የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው፤ ስለ ምንነቱ ብዙ ጊዜ ስለተነጋገርን እዚህ አልዘገይም። አሥራ አራት ስንኝ ነው፣ በየስንኙ አምስት ጊዜ የሚመታ ምት አለው፣ ቤት አመታቱም ከተለመደው ሥርዓት ያፈነግጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቃሉ በሦስት አፍ ተቀባብሎ መምጣቱ ነው፤ ድንጋዩ ለመንገደኛው፣ መንገደኛው ለተራኪው፣ ተራኪው ለእኛ ይነግራል። ሲያዝዝ የኖረ ንጉሥ ለእኛ የሚደርሰን እንደ ሰሚ ሰሚ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልገባ ስል አንድ ነገር ያዘኝ። ይህን ግጥም ባነሣሁ ቁጥር «ሼሊ ይህን የጻፈው እኮ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን የራምሴስን ሐውልት አይቶ ነው» ብለው የሚጽፉልኝ ተመልካቾች ብዙ ናቸው። አይደለም፤ በትሕትና እላለሁ፣ አይደለም። ኦዚማንዲያስ ግሪኮች ለዳግማዊ ራምሴስ የሰጡት ስም መሆኑ እውነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለ66 ዓመታት ያህል ግብፅን የገዛው ፈርዖን ነው። ከሰባት ቶን የሚበልጠውን የሐውልቱን ራስና ደረት እ.ኤ.አ. በ1816 ከሉክሶር ማዶ ካለው ቤተ መቅደሱ አስጎትቶ ወደ ዓባይ ዳር ያወረደው፣ ቀድሞ በትርኢት መድረክ ላይ ጉልበቱን እያሳየ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ ጆቫኒ ቤልዞኒ ነው። ነገር ግን ሐውልቱ ለንደን የገባው ግጥሙ ከታተመ በኋላ ነው። ወሬው ቀድሞ መድረሱን አልክድም፤ ሆኖም ወሬ መስማትና በዐይን ማየት አንድ አይደሉም። ደግሞስ የዚያን ሐውልት ፊት አይታችሁታል? የተረጋጋ፣ ፈገግ ያለ፣ ደስ የሚል ፊት ነው። የተቋጠረው ግንባር የት አለ? የንቀቱስ ከንፈር? ቤተ መቅደሱም ቢሆን ግንቦቹና ዓምዶቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ የሚገኘውም ገበሬው ከሚያርሰው ለም መሬት ዳር እንጂ ወሰን በሌለው በረሃ ውስጥ አይደለም። ቁጣውንም ባዶውንም አሸዋ የጨመረው ሼሊ ራሱ ነው።

ጉዳዩን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቤልዞኒን ለዚያ ሥራ ካሰማሩት ሰዎች አንዱ በግብፅ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሄንሪ ሶልት ነው። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱም ላይ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ የገለበጠው እሱ ነው፤ በዚያም ጽሑፍ ላይ ኢዛና ራሱን «የነገሥታት ንጉሥ» ይላል። በ1809 ደግሞ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን ደብዳቤና ስጦታ ይዞ እንደገና ተነሥቶ፣ ጎንደር መድረስ ሳይሆንለት፣ ከትግራይ ገዥ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ተመልሷል። ጆርጅ ሣልሳዊንም ያዙልኝ። (ይህን መሰሉን ነገር የምትወዱ ከሆነ፣ ሰብስክራይብ ማድረጊያዋን መጫን ተስፋ አያስቆርጥም።)

ታዲያ ሼሊ ከየት አመጣው? በዲሴምበር 1817 መጨረሻ፣ ሼሊና ቤቱ በእንግድነት የመጣው ሆራስ ስሚዝ በአንድ ርእስ ላይ እየራሳቸው ሶኔት ለመጻፍ ተወዳደሩ። ሁለቱም ይዘውት የተነሡት ጽሑፍ ጥንታዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ የመዘገበው ነው፤ እዚያ ላይ ንጉሡ «ታላቅነቴን ማወቅ የሚሻ ቢኖር ከሥራዎቼ በአንዱ ይብለጠኝ» ይላል። ልብ አድርጉ፣ «ይብለጠኝ» ነው ያለው። «ተስፋ ቁረጡ» የሚለው ቃል እዚያ የለም፤ የሼሊ ነው። ስሚዝ ስለ አንዲት ግዙፍ እግር ጻፈ፤ በመጨረሻም ለንደን ራሷ ፈርሳ፣ አንድ አዳኝ በፍርስራሿ መካከል ተኩላ ሲያባርር አሳየን። ደፋር ሐሳብ ነው፤ ግጥሙ ግን ሁሉንም ነገር በግልጽ ስለሚናገር አንባቢው የሚፈልቅቀው ነገር አይተውለትም።

የሼሊን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ያደመጠ ሰው «ተስፋ ቁረጡ» የምትለዋን ኅብረ ቃል ወዲያው ይይዛታል። ሰሙ የንጉሡ ነው፦ እንደ እኔ መሥራት አትችሉምና ተስፋ ቁረጡ። ወርቁ የአሸዋው ነው፦ የእኔ እንኳ እንዲህ ከሆነ የእናንተም አይቀርምና ተስፋ ቁረጡ። ከጽሑፉ አንድ ፊደል አልተነካም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነው። አንድ አዝማሪ በጌታ ፊት ቆሞ መሰንቆውን ሲገዘግዝ አስቡ። ጌታው ተወደስኩ ብሎ ፈገግ ይላል፣ ይሸልማልም፤ ከበር አጠገብ የቆሙት ደግሞ አንገታቸውን አቀርቅረው ሳቃቸውን ይውጣሉ። አዝማሪው በልቶ ጠጥቶ፣ የልቡንም ተናግሮ ይወጣል። በግጥሙ ውስጥ የንጉሡን ሐውልት የሠራው ቀራጭም እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሼሊ ስለ ቀራጩ እጅ ሲናገር የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ግስ ሁለት ፍቺ አለው፤ አስመስሎ መሥራትም ነው፣ ማላገጥም ነው። ንጉሡ ከፍሎ ያሠራው ፊት ንቀቱን አጋለጠበት፤ እሱ ግን ግርማዬ ነው ብሎ ተቀበለው። ሼሊ ቅኔ ያውቅ ነበር እያልኩ አይደለም፤ በጌታ ፊት እውነት መናገር በሚያስቀጣበት ቦታ ሁሉ ቃል ሁለት ልብስ መልበሱ አይቀርም እያልኩ ነው።

የሚያስቀጣ ስል ደግሞ የምር ነው። ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ጋዜጣ ልመለስና፣ የዘ ኤግዛሚነር አዘጋጅ ሊ ሃንት በንጉሡ ምትክ ይገዛ የነበረውን አልጋ ወራሽ በጽሑፍ በመዝለፉ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1815 ሁለት ዓመት ታስሯል። ሦስት ሺህ ዓመት የሞላው ፈርዖን ግን ማንንም አይከስስም። በእኔ ንባብ ራምሴስ ሰም ነው፤ ወርቁ ያኔ በዙፋን ላይ የነበሩት ናቸው። ለዚህም የማቀርበው ምስክር ሼሊን ራሱን ነው። በ1819 መጨረሻ ሌላ ሶኔት ጽፎ ለሃንት ላከ፤ የመጀመሪያው ስንኝ ያለ ምንም ሰም «ያረጀ፣ ያበደ፣ የታወረ፣ የተናቀ፣ ሊሞት የተቃረበ ንጉሥ» ይላል። ይህ ንጉሥ ሶልት ይዞት የተነሣውን ደብዳቤ የላከው ጆርጅ ሣልሳዊ ነው። ሃንት ግጥሙን አላተመውም፤ ሼሊም እንዲያትመው አልጠበቀም። የታተመው በ1839 ሲሆን፣ ንጉሡ ከሞተ 19 ዓመት፣ ሼሊም በጣሊያን ባሕር ከሰጠመ 17 ዓመት ሆኖት ነበር።