ሰርቨሩ ከመከፈቱ በፊት

ሰለሞን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የምንቀዳው ከደሴ ነው። ውጭው ጉም ነው፣ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። ሀያት የሐረጎን ዳገት ወጥታ ከኮምቦልቻ አሁን መድረሷ ነው። እንኳን ደህና መጣሽ።

ሀያት፦ እንኳን ደህና ቆየኸኝ። በኮምቦልቻ ልብስ መጥቼ በረደኝ እኮ።

ሰለሞን፦ ሻይ ይመጣልሻል። ዛሬ የምናወራው ስለ ቅዳሜ ስልጠናሽ ነው። ሲስተም አድሚን የሆኑ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድሩ ልጆች አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ሲስተም ዲዛይን ማድረግ እንዲማሩ ታሰለጥኛለሽ። አራት ቅዳሜ ሙሉ ሰርቨር አይነኩም ሲባል ሰማሁ።

ሀያት፦ አይነኩም። ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ብቻ። መጫኑንማ ሁሉም ይችላል። ኔክስት፣ ኔክስት እያልክ ቶሎ ትጨርሳለህ። ግን እግረ መንገድህን የመለስካቸው ጥያቄዎች ለዓመታት አይለቁህም።

ሰለሞን፦ እኔ ላይ ደርሷል። አንድ መሥሪያ ቤት ስቀጠር የዶሜይኑ፣ ማለትም በአንድ መዝገብ ሥር ያሉት ሠራተኞችና ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ስሙ «ቴስት ዶት ሎካል» ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ለሙከራ ብሎ አቆመው። ሥራ ሲያጣድፈው ሠራተኛውን ሁሉ እዚያው ላይ አስገባ። ስሙን ልቀይር ብል ከዶሜይኑ ጋር የተሳሰረው ነገር ብዛቱ! እያየሁት ተውኩት።

ሀያት፦ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቅዳሜ በስም የሚያልቀው። ድርጅቱ በራሱ ስም ያስመዘገበው የኢንተርኔት አድራሻ ካለው ከሱ ሥር አንድ ቅርንጫፍ ለዶሜይኑ ስም ይወስዳል። «ሎካል» የሚለው መጨረሻ ደግሞ ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው፤ ማተሚያና ስልክ በቤት ኔትወርክ ላይ የሚፈላለጉበት ነው።

ሰለሞን፦ ለማያውቁት ዳይሬክተሪ ምን እንደሆነ እንንገራቸው።

ሀያት፦ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በለው። ማን ሠራተኛ ነው፣ የትኛው ኮምፒውተር የኛ ነው፣ ማን የትኛውን ፋይል ይከፍታል። ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ኤክስ 500 የሚባለው የዳይሬክተሪ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ፤ ለትናንሽ ኮምፒውተሮች ከባድ ነበር። በ1993 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መዝገቡን ለመጠየቅ ቀለል ያለው መንገድ፣ ኤልዳፕ፣ ተሠራ። ማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪን ያመጣው ከዊንዶውስ 2000 ጋር ነው። ላይሰንስ መግዛት ለከበደው ደግሞ ሳምባ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ እንደ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም መዝገቡን እንደሚይዘው ሰርቨር፣ መሥራት ይችላል። የኔ ልጆች ቤታቸው የሚለማመዱት በሱ ነው።

ሰለሞን፦ ወደ ሰዎቹ ስም እንምጣ። ስትነግሪኝ በጣም የወደድኩት እሱን ነው።

ሀያት፦ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ለልምምድ ያዘጋጀሁትን ፔሮል አድላቸዋለሁ። ወሎ ነውና ሰይድ መሐመድ የሚባል አራት ሰው አለበት። ፎርሙ «ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም» ይላል። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም። ግማሾቹ የአባትን ስም ላስት ኔም ላይ ይጽፋሉ፣ ሌሎቹ የአያትን። በኋላ ሰው ሲፈለግ አይገኝም። አጻጻፉ ደግሞ አለ። ሰይድን አንዱ ኤስ-ኢ-አይ-ዲ ይለዋል፣ አንዱ ኤስ-ኢ-ዋይ-አይ-ዲ፣ ሌላው ኤስ-ኤ-አይ-ዲ።

ሰለሞን፦ አንዱ ሰውዬ ሦስት አካውንት ይኖረዋል ማለት ነው።

ሀያት፦ ሲለቅ አንዱ ይዘጋል፣ ሁለቱ ክፍት ይቀራሉ። እኔ የምመክረው መግቢያው የሠራተኛ መለያ ቁጥር እንዲሆን ነው። ቁጥር አይደገምም፤ የድሮው ዓይነት መግቢያ ስም ከ20 ፊደል ስለማያልፍም አያጣብብም። የሚታየው ስም ግን በአማርኛ፣ እስከ አያት። ይችላል እኮ! ስክሪኑ ላይ ስማቸው በራሳቸው ፊደል ሲወጣ ሰዎች ደስ ይላቸዋል።

ሰለሞን፦ ኦዩ ላይስ? በዶሜይኑ ውስጥ ሰዎችና ኮምፒውተሮች የሚመደቡበት ሳጥን ማለቴ ነው። እኔ የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ነበር የምገለብጠው። ዳይሬክቶሬት፣ ከሥሩ ቡድን፣ ከሥሩ ባለሙያ።

ሀያት፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጀምረው። መዋቅራችን ስንት ጊዜ ይቀየራል? ዛሬ ቢፒአር፣ ነገ ሪፎርም፣ ሁለት ዳይሬክቶሬት ይዋሃድና አንዱ ይታጠፋል። ኦዩህ ያንን ተከትሎ ከተሠራ በየሪፎርሙ ስታፈርስ ልትኖር ነው። ኦዩ የሚለየው በሁለት ጥያቄ ነው። እዚህ ላሉት ሰዎች ፓስወርድ የሚቀይርላቸው ማን ነው? የትኛው ግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ኮምፒውተራቸው ላይ የሚሠራው ደንብ፣ ይድረሳቸው? የሁለቱም መልስ አንድ ከሆነ አንድ ኦዩ ይበቃል። ባለፈው አንዷ ልጅ ወረቀቷ እስኪሳሳ ላጰሰችው። ሃያ ምናምን ሳጥን ይዛ ገብታ በስድስት ወጣች።

ሰለሞን፦ ደሴና ኮምቦልቻ ቢሮ ያለው ድርጅትስ? ሁለት ዶሜይን?

ሀያት፦ ልጆቹም እንደሱ ይስላሉ። የደሴ ዶሜይን፣ የኮምቦልቻ ዶሜይን፣ የወልድያ ዶሜይን። ደን ያህል ነገር! አንድ ዶሜይን ይበቃል፤ ከተሞቹን በሳይት፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ ባሉበት ቦታ፣ ትለያቸዋለህ። በሳይቶች መካከል ለውጥ የሚተላለፈው፣ ካልነካኸው፣ በየ180 ደቂቃው ነው። አስበው፤ አንድ ሰው ከሥራ ተሰናብቶ ደሴ ላይ አካውንቱ ተዘጋ። ኮምቦልቻ ያለው ሰርቨር ሦስት ሰዓት ሙሉ ላያውቅ ይችላል። መስመሩ ከቻለ እስከ 15 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። ይሄ በአጋጣሚ ሳይሆን ተወስኖ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።

ሰለሞን፦ የሰዓቱን ነገር ንገሪያቸው።

ሀያት፦ አዎ! ይሄ የኛ አገር ጣጣ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ተኩል ይላል። ሠራተኛው «ተሳስቷል» ብሎ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። ዶሜይኑ ሰውን የሚለይበት ከርቤሮስ ደግሞ ካልተቀየረ ከአምስት ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ በር ይዘጋበታል። አድሚኑ ፓስወርድ ሲቀይር ይውላል፤ ሰዓቱን የሚያይ የለም።

ሰለሞን፦ መፍትሔው?

ሀያት፦ ታይም ዞኑ «ናይሮቢ» የሚለው ይሁን፤ ያው የኛው ነው። ሰዓት መቀየር ለተራ ተጠቃሚ አይፈቀድ። ከዶሜይን ኮንትሮለሮቹ አንዱ ሰዓት ሰጪ ሆኖ ይሰየም። የአበሻ ሰዓት የፈለገ ግድግዳ ላይ ይስቀል።

ሰለሞን፦ ሠላሳ ሠራተኛ ላለው ቢሮ ይሄ ሁሉ አይበዛም?

ሀያት፦ ለነሱ አንድ ገጽ ነው የሚወጣው። አንድ ዶሜይን፣ አራት ኦዩ፣ ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር። ሁለቱን ግን አልቀንስም። መብራቱ ሄድ መለስ በሚልበት አንዱ ዲስኩ ቢሞት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ይቆማል።

ሰለሞን፦ ባክአፑስ፣ መጠባበቂያ ቅጂው?

ሀያት፦ አራተኛው ቅዳሜ የሱ ነው። ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። አንዱ ልጅ «ሰርቨሩ ደሴ፣ ባክአፑ ኮምቦልቻ» ብሎ ጻፈ። መጽሐፍ ላይ ትክክል ነው፤ ሌላ ከተማ ነው። ግን በኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ነበሩበት። የብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሁለቱም ተዘርፏል። ልጁ ራሱ ያኔ እዚሁ ነበር። ትንሽ ዝም አለና ኮምቦልቻን ሰርዞ «አዲስ አበባ፣ የተቆለፈ፣ በየሳምንቱ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ግን ማን ያደርሰዋል?» አለኝ።

ሰለሞን፦ ምን አልሽው?

ሀያት፦ እሱንም ጻፈው አልኩት። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ፤ ሰው ይቀየራል። ተተኪውንም ከጎኑ። ጻፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርቨሩን ከፈትንላቸው።