ማሳ መሀል ያገኘኋት እስስት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አንዲት እስስት ከሐሳቤ አልወጣ ብላኛለች፤ ስለሷ ላውጋችሁ።

ያደግኩት ደቡብ ጎንደር ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቅ ነበር። ከማሳው ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደን አለ፤ ወይራ፣ ጥድ፣ ዶቅማ። እዚያ ያሉት ወፎች ሌላ ናቸው። ሶሪትን አይታችኋት ታውቃላችሁ? ቅርንጫፍ ላይ ስትሆን አረንጓዴ ናት፣ ከቅጠሉ አትለይም። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል። ያ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ፤ ይሄን ሳውቅ እንዴት እንደተገረምኩ! ፍሬ በልታ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥላለች። ደኑን ከሚዘሩት አንዷ እሷ ናት።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጥላ ዛፍ ሥር በሚለማ ቡና ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በቡናው ውስጥ የተገኘው የወፍ ዓይነት በአቅራቢያው ካለው ደን ከእጥፍ በላይ ነው። ደስ ይላል። ግን ቁጥር ብቻውን አያጠግበኝም። ያለ ደን የማይሆንላቸው ወፎች በብዛት ያሉት ያው ደኑ ውስጥ ነው። ደግሞስ ቡናው ዛፍ አለው። የእኛ የጤፍ ማሳ ምን አለው?

ድሮ ድንበሩ ላይ አጋምና ቀጋ ነበር። መሬት ሲጠብ እሱም ተመነጠረ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ1 ሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ናቸው፤ ዙሪያቸውን እርሻ ነው። ወፍ ቢቸግራት ትበራለች። እስስት ግን በእግሯ ናት።

አምና አገር ቤት ሄጄ የታረሰ ማሳ መሀል አገኘኋት። ከጓል ጓል እየተወዛወዘች ትራመዳለች። አንዲት ቁጥቋጦ የለም። ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል። በልጅነቴ ቢሆን ድንጋይ ነበር የማነሳው። እስስት መርዛም ናት ተብለን ነው ያደግነው። ውሸት ነው፤ መርዝ የላትም። ስንቷን እንደገደልን ሳስብ ያመኛል።

በእንጨት አንስቼ እስከ ደኑ ካብ ወሰድኳት። ካቡን የሠሩት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ከብት እንዳይገባ ብለው፣ ድንጋዩን ከየማሳቸው ለቅመው። አሁን በየስንጥቁ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል። ከካቡ ወዲያ አጋም ላይ አስቀመጥኳትና ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ማታ ጋደም ካልኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሳገኛት ፊቷ ወደ ደኑ አልነበረም። ከደኑ ወጥታ ወደ ማዶ እየሄደች ነበር። እዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ ደን አለ።