ከመዝገቡ የጎደለው ሒሳብ
(በደብረ ማርቆስ ለሥራ ፈጠራ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራንና ሠልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የመጣሁት ስለ ሥራ ፈጠራ ትምህርት ልናገር ቢሆንም፣ ነገሩን ከቡሬ በርበሬ ብጀምረው ይቀለኛል። በወጣትነቴ ከቡሬ ገበያ ዛላ በርበሬ እየገዛሁ፣ እቤት አሰናድቼ፣ እዚሁ ማርቆስ እየመዘንሁ እሸጥ ነበር። ከሸጥሁበት የገዛሁበትን ቀንሼ የተረፈውን ሁሉ ትርፍ አልሁት። ሲቀነጠስ ከነእንጨቱ የሚጣለውን፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚጎድለውን ኪሎ አላሰብሁም፤ የነጭ ሽንኩርቱን፣ የኮረሪማውን፣ የወፍጮውንና የመኪናውን ገንዘብ ከኪሴ አውጥቼ መዝገብ ላይ አላሰፈርሁም። እያስነጠሳቸው ሲቀነጥሱ የዋሉት እናቴና እህቶቼማ ከነጭራሹ በሒሳቡ ውስጥ አልነበሩም። በሦስተኛው ዙር የመግዣ ብር ሲያጥረኝ ገበያውን ወቀስሁ።

የሥራ ፈጠራ ትምህርት ለወጣቱ ከሚሰጠው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህን የተሰወረ ወጪ አስቀድሞ የማየት ልማድ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ አማካይነት በብዙ አገሮች የተስፋፋው፣ በአገራችንም የኢንተርፕረነርሽፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ኢምፕሬቴክ የተባለው የ6 ቀን ሥልጠና 10 የባሕርይ ብቃቶችን መሠረት ሲያደርግ፣ መረጃ መፈለግንና አደጋን መዝኖ መድፈርን ከእነዚህ መካከል የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛው አዊ፣ ፋግታ ለኮማ፣ አሲድ በበዛበት መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ለከሰል እስኪደርስ 4 እና 5 ዓመት የሚጠብቀው ገበሬም ጊዜን ከወጪ ይቆጥራል፤ ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን ሁሉን በአንድ ተክል ላይ የጣለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይተናል።

ቅሬታዬን ልደብቅ አልፈልግም። ብዙ ጊዜ ተማሪው የንግድ ዕቅድ የሚጽፈው ለማርክ ነው፤ የገዥውን ብዛት እቤቱ ተቀምጦ ይገምታል፣ አንድም ገዥ ሳያነጋግር ሙሉ ውጤት ያገኛል። ብድር ወስዶ ሱቅ ሲከፍት ነው የሳተውን የሚያውቀው፤ ያኔ ደግሞ ስሕተቱ ወለድ ይቆጥርበታል። በትምህርት ላይ እያለ በትንሽ ብር ቢሳሳት ግን የሚጎዳው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ለብድር ከማመልከታችሁ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ማንኛውንም ዕቃ ለማያውቃችሁ ሰው ሽጡ። ሰኞ ስንገናኝ መዝገባችሁን አያለሁ፤ የቀነጠሰላችሁ ሰው ካለም የዋለበት ሰዓት ይግባበት።

አመሰግናለሁ።