ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው

የተከበራችሁ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ባለሙያዎች፣ እንኳን ወደ አራት ኪሎ በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ የምናወራው በዲጂታል መዝገብ ውስጥ ከስም በፊት ስለሚገባው መለያ፣ ስለ ቅድመ ቅጥያ ነው፤ «dc:title» ተብሎ ሲጻፍ ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለችው «ዲሲ» ማለት ነው። «ታይትል» የምትለዋን ቃል እንያት። መጻሕፍትንና ሰነዶችን ለመግለጽ በሚያገለግለው የስሞች ስብስብ፣ በደብሊን ኮር፣ የመጽሐፍ ርዕስ ናት። ሰዎችን በሚገልጸው በፎፍ «ዶክተር»፣ «ወይዘሮ» የሚባለው መጠሪያ ነው፤ የአድራሻ ካርድ በሚጻፍበት በቪካርድ ደግሞ የሥራ መደብ። ያለ መለያ አንድ መዝገብ ውስጥ ከገቡ «ወይዘሮ» የመጽሐፍ ርዕስ ሆና ትፈለጋለች። «አበበ!» ሲባል ሦስት ሰው «አቤት» ካለ የአባት ስም እንጨምር የለ? ቅድመ ቅጥያም ሥራው ይኸው ነው።

ሆኖም «ዲሲ» ማሳጠሪያ ብቻ ናት። በፋይሉ ራስጌ ከሙሉ አድራሻ ጋር ትታሰራለች፤ ማሽኑ የሚያነጻጽረው ያንን አድራሻ ነው፣ ፊደል በፊደል። «ኤችቲቲፒ»ን ወደ «ኤችቲቲፒኤስ» ብትቀይሩ ወይም የመጨረሻዋን ስላሽ ብትረሱ ሌላ ኔምስፔስ፣ ማለትም በሌላ አድራሻ ሥር ያለ የስሞች ስብስብ፣ ሆነ። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያያል፦ በደብሊን ኮር የባሕርይ ስም በትንሽ፣ የዓይነት ስም በትልቅ ይጀምራል።

እኛን በተለይ የሚጎዳን ስህተት ከኪቦርድ ይመጣል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ሁለት ነጥብ ስንመታ «፡» ሊወጣ ይችላል። ለዓይን «:»ን ይመስላል፤ በዩኒኮድ ግን ቁጥሩ U+1361 የሆነ ሌላ ምልክት ነው። መዝገቡ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ የኤክስኤምኤል 1.0፣ ቀደም ያሉት እትሞች የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ስለማይፈቅዱ ፋይሉ ወዲያው ይመለስ ነበር። የ2008ቱ አምስተኛ እትም ፊደላችንን ሲፈቅድ «፡»ም አብሮ ገባ። መክፈቻውም መዝጊያውም ታግ (በ«<» እና «>» መካከል የሚጻፈው ስም) «፡» ከያዙ ቅድመ ቅጥያውና ስሙ ተጣብቀው ደብሊን ኮር የማያውቀው አንድ ስም ይሆናሉ። ፋይሉ ስህተት ሳያሳይ ያልፋል፣ ርዕሱ ግን ካታሎጉ ላይ የለም። ይህ ዝምታው ነው የሚያሳስበን። እባካችሁ ከመጫናችሁ በፊት በታጎቹ ውስጥ «፡»ን ፈልጉ፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አትንኩ።

ሌላው ጉዳይ ዘመን ነው። «2012» ብቻ ተብሎ የተመዘገበን ዓመት ሌላው ዓለም እንደ ጎርጎርዮሳዊ ያነበዋል። ለዓመተ ምሕረት ብላችሁ በደብሊን ኮር አድራሻ ሥር አዲስ ስም አትፍጠሩ፤ አድራሻው የእነሱ ነው። ተቋማችሁ በሚያስተዳድረው ዶሜይን ላይ የራሳችሁን ኔምስፔስ ክፈቱ፣ የእያንዳንዱንም ስም ትርጉም ጽፋችሁ አስቀምጡ። መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በራሳችሁ ስም ሥር ይግባ፤ በደብሊን ኮሩ «ዴት» (ቀን) ሥር ደግሞ 2019-09-12 ይጻፍ። ያኔ የስድስት ኪሎውና የአራት ኪሎው ስብስብ በአንድ ፍለጋ ይገኛሉ።